ያረጀ የእንጨት ዴክ ይጠገን ወይስ ፈርሶ ይሰራ? ከስር ጀምሮ ማያ ዝርዝር መመሪያ

ዴኩ፣ ማለትም ከቤቱ ጋር ተያይዞ ውጪ የተሰራው የእንጨት መድረክ፣ ግራጫ ሆኗል፣ ጣውላው እዚህም እዚያም ተሰንጥቋል፣ ስትረግጡት ሲጥ ሲጥ ይላል፣ የሚስማሩ ራስ ብቅ ብሎ እግር ይቧጥጣል። ከዛ አንዱ ይመጣና «ይሄማ አልቆለታል፣ አፍርሰው» ይላችኋል፣ ሌላው ደግሞ «ምን ሆነ፣ ቀለም ብትቀቡት አዲስ ነው ሚሆነው» ይላል። ሁለቱም ያዩት ላዩን ነው። የኔ ሀሳብ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ዴክ ይጠገን ወይስ ይፍረስ ሚለውን ሚወስነው ምትረግጡት ጣውላ ሳይሆን ከስሩ ያለው ተሸካሚ ነው፣ በተለይ ደግሞ እንጨት ከእንጨት፣ እንጨት ከግድግዳ፣ እንጨት ከመሬት ሚገናኝባቸው ቦታዎች ናቸው። ላዩ ተበጫጭቆ ስሩ ጤነኛ የሆነ ዴክ ጣውላው ብቻ ተቀይሮ ሌላ ብዙ አመት ይሰጣችኋል፣ ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ የሆነው ግን ሰው ሰብስባችሁ በተቀመጣችሁበት ቀን ነው ጉድ ሚያደርጋችሁ፣ ዴክ ሚደረመሰውም አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲበዛበት ነው።

ስለዚ ነገሩን ከስሩ ነው ምናየው፣ መጀመሪያ ተሸካሚው ከዛ ጣውላው። ቅደም ተከተሉ ራሱ ይጠቅማል፣ መጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ደረጃዎች ላይ ከባድ ነገር ካገኛችሁ የቀረውን አንድ በአንድ መቁጠር ሳያስፈልጋችሁ መልሱን ታውቁታላችሁ።

ክፍሎቹ እነማን ናቸው

ከቤቱ ግድግዳ ጋር ታስሮ የዴኩን አንድ ጎን ሚሸከመው ረጅም እንጨት ሌጀር ነው። በሌላው ጎን ከመሬት የተነሱት ቋሚዎች አሉ፣ እነሱ ኮንክሪት መሰረት ላይ ያርፋሉ። ቋሚዎቹ ወፍራሙን ቢም ይሸከማሉ፣ ከሌጀሩ እስከ ቢሙ ድረስ ደግሞ ጎን ለጎን የተደረደሩት ጆይስቶች ናቸው። ጣውላው ሚመታው ጆይስቱ ላይ ነው። ከዛ ደረጃውና መደገፊያው ማለትም ሀንድሬሉ ይቀራል፣ በቃ ይሄው ነው።

ሚያስፈልጋችሁ እቃ

ብዙ አይደለም። ጠንከር ያለ ካቻቪቴ፣ መዶሻ፣ ባትሪ፣ ውሃ ልክ፣ ሜትር፣ ሲባጎ፣ ጠመኔ፣ ፎቶ ማንሻ ስልካችሁ። የእንጨት እርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ በጣም ጥሩ፣ ከሌለ ግን ስራው አይቆምም። ምርመራውን ዝናብ በጣለ ማግስት ብታደርጉት ይመረጣል፣ ውሃው የት እንደሚቆምና የትኛው እንጨት ሳይደርቅ እንደሚቀር በዓይናችሁ ታያላችሁ። ያገኛችሁትን መጥፎ ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርጉበትና ፎቶ አንሱት፣ በኋላ ሂሳብ ስትሰሩ «የትኛው ነበር» እያላችሁ እንደገና ከስር እንዳትገቡ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዴኩ ከግድግዳው ተለይቶ ክፍተት ከሰራ ወይም ቋሚው በግልጽ አጋድሎ ካያችሁት ከስሩ እንዳትገቡ። እሱ ሳይደገፍ ማንም ሰው ላዩም ስሩም መሄድ የለበትም።

መበስበስን በእጅ መለየት

ሁሉም ደረጃ ላይ ምትጠቀሙበት ስለሆነ እዚህ ትንሽ ልቆይበት። እንጨት ሚበሰብሰው በእርጅና አይደለም፣ ፈንገስ ሲበላው ነው፣ ፈንገሱ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። የእንጨቱ እርጥበት ከ20 ፐርሰንት በታች እስከሆነ ድረስ መበስበስ አይጀምርም፣ ወደ 28 እና 30 ፐርሰንት ደርሶ እዛው ሲቆይ ነው ፈንገሱ ሚመቸው። ለዛ ነው በአንድ ዴክ ላይ ጸሐይና ንፋስ ሚያገኘው እንጨት ብረት ሆኖ፣ ሁለት ሜትር ርቆ በቅጠልና በአፈር የተሸፈነው ሚፈረፈረው።

መዶሻውን በቀስታ መታ መታ እያደረጋችሁ እንጨቱን ተከተሉት። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምጽ አለው፣ የበሰበሰው የታፈነ «ድፍ» ሚል ነገር ነው ሚሰጣችሁ። ድምጹ የተቀየረበት ቦታ ላይ ካቻቪቴውን ግፉት። ጠንክራችሁ ገፍታችሁ ጫፉ ብቻ ከያዘ ሰላም ነው፣ ያለ ብዙ ጉልበት ከግማሽ ሳንቲ በላይ ከገባ መበስበስ ጀምሯል፣ እስከ እጀታው ሊደርስ ከሆነ ደግሞ ያ እንጨት እንጨት መሆን አቁሟል።

ካቻቪቴ ሚያሳስት ጊዜ አለ፣ እርጥብ እንጨት ጤነኛ ሆኖም ትንሽ ሊለሰልስ ይችላል። ያኔ ሌላ ነገር ሞክሩ፦ የካቻቪቴውን ጫፍ በእንጨቱ ክር አቅጣጫ ትንሽ አስገቡና ወደላይ ፈንቅሉት። ጤነኛ ከሆነ ረጅም ስንጣሪ ይነሳል፣ «ጯ» ብሎ ድምጽም ያሰማል፣ ስንጣሪው ከፈነቀላችሁበት ርቆ ነው ሚሰበረው። የበሰበሰው ግን ድምጽ የለውም፣ ካቻቪቴው ያለበት ቦታ ላይ አጭር ሆኖ እንደ ረጠበ ዳቦ ቁርስ ብሎ ይቀራል። ይሄን አንድ ሁለቴ ጤነኛ እንጨት ላይ ከሞከራችሁት በኋላ እጃችሁ ራሱ ልዩነቱን ይለምደዋል።

መልኩም ይናገራል። ቡናማ ሆኖ በትንንሽ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ከተሰነጣጠቀ፣ ወይም ነጣ ብሎ እንደ ቃጫ ከተበጣጠሰ መበስበስ ነው። በርዝመቱ ቀጥ ብሎ ሚሄድ ስንጥቅ ግን ሰው ያስደነግጣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ እንጨቱ ሲደርቅ ሚፈጠር ነው፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አልፎ እስካልወጣ ድረስ ጥንካሬውን ብዙም አይነካም። ግራጫነትም እንደዛው፣ ጸሐይ ሚሊ እንኳን ማይሞላ የላይኛውን ሽፋን ስለቀየረችው ነው፣ በብሩሽና በማጠቢያ ይለቃል። ግራጫ ስለሆነ ብቻ የሚፈርስ ዴክ ያሳዝነኛል።

ነፍሳትንም እዚሁ እዩ። ምስጥ ከመሬት ተነስቶ በቋሚው ወይም በመሰረቱ ላይ የአፈር ቱቦ እየሰራ ነው ሚወጣው፣ እንጨቱንም ከውስጥ ነው ሚበላው፣ ላዩ ደህና መስሎ ይቆያል። ሰጋቱራ ከስር ተከምሮ ካያችሁ ደግሞ እንጨት ውስጥ ቤት ሚሰሩ ጉንዳኖች ሊሆኑ ይችላሉ፣ እነሱ ለስላሳና እርጥብ እንጨት ስለሚወዱ መምጣታቸው ራሱ ውሃ እንዳለ ይጠቁማል።

1ኛ ደረጃ፦ ሌጀሩ

ከዚህ ጀምሩ፣ ዴክ ሲደረመስ ብዙ ጊዜ ሚለቀው እዚህ ጋ ስለሆነ። ሶስት ነገር ነው ምታዩት።

አንደኛው በምን እንደታሰረ ነው። ሌጀሩ በሚስማር ብቻ ተመትቶ ከሆነ፣ እንጨቱ ምንም ጤነኛ ቢሆን፣ ይሄ ችግር ነው። ሚስማር ወደታች ሚጫነውን ክብደት ይችላል፣ ወደውጪ ሚጎትት ኃይል ሲመጣ ግን ተንሸራቶ ይወጣል፣ ሰው ዴክ ላይ ሲንቀሳቀስ ደግሞ ወደውጪ መጎተቱ አይቀርም። መኖር ያለበት ወደ 12 ሚሊ ውፍረት ያለው ብሎን ከነሮንዴላው፣ ወደላይና ወደታች እየተፈራረቀ የታሰረ ነው። ደስ ሚለው ነገር፣ ሌጀሩና ከጀርባው ያለው የቤቱ እንጨት ጤነኛ ከሆኑ ብሎን መጨመር ቀላልና ርካሽ ጥገና ነው፣ ዛሬውኑ ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛው ከሌጀሩ በላይ ላሜራ አለ ወይ ሚለው ነው። የላሜራው አንዱ ጎን ከግድግዳው ልባስ ጀርባ ገብቶ ሌላው ጎን በሌጀሩ ላይ ታጥፎ መውረድ አለበት፣ ውሃው ከግድግዳው እየወረደ ከሌጀሩ ጀርባ እንዳይገባ። ላሜራው ከሌለ፣ ወይም ሰው በሲሊኮን ብቻ ሞልቶት ካለፈ፣ ጀርባው ለአመታት እየጠጣ ነው ማለት ነው። ከስር ሆናችሁ በባትሪ ስታዩ ከብሎኑ ስር የወረደ ጥቁር ወይም ዝገት መስመር ካለ ውሃው መንገድ አበጅቷል። በተለይ ከበሩ ደፍ ስር ያለውን ቦታ አትለፉት፣ እዛ ጋ ነው ብዙ ጊዜ ሚጀምረው።

ሶስተኛው የቤቱ ራሱ እንጨት ነው። ሌጀሩ በስብሶ ከሆነ ጉዳዩ የዴክ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ ውሃው ወደ ቤቱ ግድግዳ አልፎ ሊሆን ይችላል። ከውስጥ በኩል ሚታይ ከሆነ ከውስጥም ፈትሹ። ሌጀሩ ብቻ ከሆነ ዴኩ ተደግፎ ሌጀሩ ሊቀየር ይችላል፣ ግን የጆይስቶቹ ጫፎች አብረው ከበሰበሱ በኔ ግምት መፍረስ ያዋጣል፣ ምክንያቱም እሱን ለመቀየር ምትፈቱት ነገር የዴኩን ግማሽ ያህል ነው።

2ኛ ደረጃ፦ ቋሚና መሰረት

ቋሚው መሬት ሚነካበት ቦታ ዙሪያውን አፈሩን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ቆፍሩና እዛ ጋ ካቻቪቴውን ሞክሩ። አየርም እርጥበትም በአንድ ላይ ሚገኝበት ቦታ እሱ ስለሆነ፣ ላዩ ጠንካራ የሆነ ቋሚ ልክ ከአፈሩ መስመር ላይ ሊበላ ይችላል። ኮንክሪት ውስጥ ተተክሎ የተሞላበት ቋሚም ተመሳሳይ ነው፣ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተርና በዙሪያው ክፍተት ይፈጠራል፣ ውሃ እዛ ገብቶ መውጫ ያጣል።

ከዛ ውሃ ልኩን በሁለት ጎኑ አስጠግታችሁ ቀጥ ማለቱን እዩ፣ በሲባጎ ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ ወጥራችሁ ቢሙ መሃል ላይ ወርዶ እንደሆነ። አንዱ ጥግ አንድ ሁለት ሳንቲ ወርዶ ከቆየ እና ካልቀጠለ በስፔሰር፣ ማለትም ክፍተቱን በሚሞላ ቁራጭ፣ ይስተካከላል። እየቀጠለ ከሆነ ግን መሰረቱ ነው ችግሩ፣ ወይ ጠባብ ነው ወይ ጥልቀት የለውም፣ በረዶ ሚበዛበት አገር ደግሞ መሰረቱ አፈሩ ከሚቀዘቅዝበት ጥልቀት በታች ካልወረደ በየክረምቱ እየተነሳ ይወርዳል። እየቀጠለ መሆኑን ማወቂያው ቀላል ነው፣ ምልክት አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉና ከተወሰነ ወር በኋላ ለኩት።

አንድ ወይም ሁለት ቋሚ ቢበሰብስ መቀየር ይቻላል፦ አጠገቡ ጊዜያዊ ቋሚ በክሪክ አስደግፋችሁ፣ ክብደቱን ለመቀበል ያህል ብቻ ትንሽ ሚሊ ከፍ አድርጋችሁ፣ አሮጌውን አውጥታችሁ አዲሱን ኮንክሪቱ ላይ በታሰረ የብረት ጫማ ላይ ታቆሙታላችሁ። ጫማው እንጨቱን ከኮንክሪቱ ወደ ሁለት ሳንቲ ተኩል ከፍ ሚያደርግ ይሁን። ሁሉም ቋሚዎች ቀጭን ከሆኑ፣ ማለትም ወደ 9 በ9 ሳንቲ ሆነው ዴኩ ግን ከፍ ያለ ከሆነ፣ ወይም መሰረት ሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለ፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው፣ እዛ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

ቢሙ ከቋሚው ጋር እንዴት እንደተያያዘም እዩ። አናቱ ላይ ቁጭ ያለ ቢም ጥሩ ነው። በጎኑ በብሎን ብቻ የተሰቀለ ከሆነ ሙሉው ክብደት በብሎኖቹ ላይ ነው ያለው፣ ብሎኖቹ ዙሪያ እንጨቱ መሰንጠቅ ከጀመረ ከስሩ ድጋፍ ያስፈልገዋል።

3ኛ ደረጃ፦ ጆይስቶቹ

ጆይስት ሚበሰብሰው ከላይኛው ጠርዙ ነው፣ ጣውላው ተኝቶበት ቅጠልና አፈር ስለሚይዝ፣ ሚስማሩ የገባበት ቀዳዳ ደግሞ ውሃውን ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ። እንዳይበሰብስ ኬሚካል የተነከረ እንጨት ቢሆን እንኳን መድኃኒቱ እስከ እምብርቱ ሁልጊዜ አይደርስም፣ ተቆርጦ መድኃኒት ያልተቀባ ጫፍ ካለ መግቢያው እሱ ነው። ከስር ስታዩ ንጹህ ስለሚመስል ትታለላላችሁ፣ ስለዚ ከላይ ሁለት ሶስት ጣውላ አንሱ፣ አንዱ ከግድግዳው አጠገብ፣ አንዱ የአበባ ማስቀመጫ ከቆመበት፣ አንዱ ከመሃል። እውነቱ እዛ ነው ያለው።

ከዛ ቁጠሩ። ለምሳሌ በግድግዳው በኩል 4 ሜትር ርዝመት ያለው ዴክ ጆይስቶቹ በ40 ሳንቲ ልዩነት ቢደረደሩ 11 ይሆናሉ። ከ11 ሁለቱ ቢበሰብሱ እያንዳንዱን ማጠናከር ነው፣ አራት አምስት ከሆኑ ግን የቀሩትም በተመሳሳይ ውሃና በተመሳሳይ እድሜ ነው ያሉት፣ በሚቀጥለው አመት ተራቸው ነው። የኔ መስፈሪያ እንግዲህ እስከ ሩቡ ድረስ ጥገና፣ ሲሶ ከደረሰ አዲስ ተሸካሚ።

ማጠናከር ሚባለው እኩል ቁመት ያለው አዲስ ጆይስት አጠገቡ ገጥሞ በብሎን ወይም ለተሸካሚ በተሰራ ወፍራም ቪቴ ማሰር ነው። ሰው ሚሳሳተው እዚህ ጋ አጭር ቁራጭ የበሰበሰው ቦታ ላይ ለጥፎ መሄዱ ላይ ነው። አዲሱ ከሌጀሩ እስከ ቢሙ ድረስ በሁለቱም ጫፍ ማረፍ አለበት፣ አለበለዚያ የበሰበሰውን እንጨት ነው ሚደገፈው። የበሰበሰውን ክፍል ጠርባችሁ አውጡ፣ የአዲሱን የተቆረጠ ጫፍ መከላከያ ቀቡት።

መሃል ላይ ቆማችሁ ተረከዛችሁን አንስታችሁ ጣውላውን ምቱ፣ በጣም ሚዘል ከሆነ ጆይስቱ ለርዝመቱ ቀጭን ነው ወይ ደክሟል። ከዛ ክብደታችሁን ግራና ቀኝ እያዛወራችሁ ወዝውዙት። ወደጎን ሚወዛወዝ ዴክ ብዙ ሰው ያስፈራል ግን ብዙ ጊዜ ሰያፍ ድጋፍ ስለሌለው ብቻ ነው፣ ከቋሚ ወደ ቢም ሰያፍ እንጨት በብሎን ማሰር ነው መፍትሄው። ለዚህ ብላችሁ አታፍርሱ።

4ኛ ደረጃ፦ ብረታ ብረቱ

ብዙ ሰው ሚረሳው ይሄን ነው። እንጨቱ ቢያረጅም ቢቆይ፣ ያሰረው ብረት ካለቀ ምን ዋጋ አለው። ጆይስቶቹን ከሌጀሩ ጋር ሚይዙት ኮርቻ መሳይ ብረቶች ሀንገር ይባላሉ። ላያቸው ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ከዝገት እንዲጠብቃቸው የተለበጡበት ዚንክ ስራውን እየሰራ ነው፣ ገና ጊዜ አለው። ቀይ ዝገት ከጀመረ ዚንኩ አልቋል። በጥፍራችሁ ስትፍቁት በቅርፊት ሚነሳ ከሆነ ደግሞ መቀየር ነው፣ ውይይት የለውም። በሀንገሩ ቀዳዳዎች ሁሉ ሚስማር መኖሩንም እዩ፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ሀንገር ስንት አለ መሰላችሁ። ለጂፕሰም ቦርድ በሚሆን ጥቁር ቪቴ የታሰረ ካያችሁም አውጡት፣ እሱ ቪቴ ደረቅ ነው፣ አይታጠፍም፣ ድንገት ነው ሚቆረጠው።

አሁን ገበያ ላይ ያለው የተነከረ እንጨት ብዙው መድኃኒቱ መዳብ ያለበት ስለሆነ ተራ ብረትን በፍጥነት ያዝገዋል። ስለዚ አሮጌ ዴክ ላይ አዲስ የተነከረ እንጨት ስትጨምሩ ብሎኑም ሀንገሩም ሚስማሩም በቀለጠ ዚንክ የተነከረ ጋልቫናይዝድ ወይም ስቴንለስ መሆን አለበት፣ አንዱን ስቴንለስ አንዱን ጋልቫናይዝድ አድርጋችሁ አታደባልቁ፣ አሉሚኒየምም እንጨቱን እንዳይነካ።

5ኛ ደረጃ፦ ጣውላው

ቶሎ እንለፈው። ጥቂት የተሰነጠቀ ወይም የተጣመመ ካለ ቀይሩ፣ አንዳንዱ ተገልብጦ ሊመታ ይችላል፣ ሌላው ጎኑ ጸሐይ ስላላየ አዲስ ይመስላል። ብቅ ያለ ሚስማር መልሳችሁ ብትመቱት ተመልሶ ይወጣል፣ ነቅላችሁ ረዘም ባለ የዴክ ቪቴ ተኩት። ለማጠብ ኦክስጅን ያለበት የእንጨት ማጠቢያና ብሩሽ ይበቃል፣ በረኪና የእንጨቱን ክር ይጎዳል፣ ከፍተኛ ግፊት ያለው የውሃ ማጠቢያም አጠገብ ተይዞ ከተረጨ ላዩን እንደ ጸጉር ያበጣጥሰዋል። ቀለምን በተመለከተ ላዩ ላይ ሽፋን ከሚሰራው ይልቅ እንጨቱ ውስጥ ሚሰርግ ዘይት ወይም ስቴይን ይሻላል፣ ሽፋኑ አንዴ ከተላጠ ከስሩ ውሃ ያፍናል።

6ኛ ደረጃ፦ ሀንድሬልና ደረጃ

ሀንድሬሉን በሰውነታችሁ ክብደት ወደውጪ ግፉት፣ ግን አንድ እግራችሁን ወደኋላ አድርጋችሁ ተጠንቅቃችሁ። ለምሳሌ በአሜሪካ የግንባታ ደንብ ላይኛው ጠርዝ ወደ 90 ኪሎ ግፊት መቻል አለበት፣ ቁመቱም 90 ሳንቲ አካባቢ ወይም ከዛ በላይ፣ በሀንድሬሉ ቀጫጭን ቋሚዎች መሃል ያለው ክፍተት ደግሞ የህጻን ጭንቅላት እንዳያሳልፍ ከ10 ሳንቲ ያነሰ ነው። ሚነቃነቅ ሀንድሬል ዴክ ለማፍረስ ምክንያት አይሆንም ግን ነገ ሚባል ነገርም አይደለም፣ ከሚስማር ወደ ብሎን ስትቀይሩት ብዙ ጊዜ ይቆማል። ደረጃው ላይ ደግሞ መሬት ሚነካውን ጫፍና ለእርምጃው የተቆረጠውን ማዕዘን በካቻቪቴ እዩ። የእርምጃዎቹ ከፍታ እርስ በርስ ከአንድ ሳንቲ በላይ ከተለያየ ሰው ይጥላል። ደረጃ ብቻውን ተፈቶ ሊሰራ ስለሚችል ውሳኔው ውስጥ ብዙ ክብደት አትስጡት።

7ኛ ደረጃ፦ ውሃው ከየት መጣ

ይሄን ሳትመልሱ ምንም እንዳትጠግኑ። አሸንዳው ሞልቶ ዴኩ ላይ እየፈሰሰ ነው? የአሸንዳው ቱቦ ውሃውን ቋሚው ስር ነው ሚደፋው? መሬቱ ወደ ቤቱ ነው ሚያዘነብለው? ዴኩ መሬት ላይ ተለጥፎ ከስሩ አየር ሚያልፍበት የለም? በጣውላዎቹ መሃል ያለው ከ3 እስከ 5 ሚሊ መሆን ያለበት ክፍተት በቆሻሻ ተደፍኗል? መልሱ ሚስተካከል ከሆነ ጥገና ትርጉም አለው። ማይስተካከል ከሆነ፣ ለምሳሌ ዴኩ ከነጭራሹ ዝቅ ብሎ አፈር ውስጥ ከተቀበረ፣ ዛሬ የቀየራችሁት ጆይስት የድሮውን መንገድ ነው ሚከተለው።

አሁን ሂሳቡ

ከፊታችሁ ያለው ምርጫ ሁለት ሳይሆን ሶስት ነው። አንደኛው ቦታ ቦታውን መጠገን፣ ሁለተኛው ተሸካሚውን ትቶ ጣውላና ሀንድሬል ብቻ መቀየር፣ ሶስተኛው ሙሉ በሙሉ ማፍረስ።

ሌጀር፣ ቋሚና መሰረት ደህና ሆነው ጆይስቱ እስከ ሩቡ ብቻ ከተጎዳ ጠግኑ። እነዚሁ ደህና ሆነው ጣውላው ግን ከግማሽ በላይ ካለቀ ሁለተኛውን ምረጡ፣ ይሄኛው ብዙ ሰው ማያስበው ግን ብዙ ጊዜ ትክክለኛው ነው። ጣውላው ሲነሳ ጆይስቶቹ ላይ የጎማ ቴፕ መለጠፍ እንዳትረሱ፣ ለትንሽ ገንዘብ ላይኛውን ጠርዝ ከውሃ ይጠብቀዋል። ሌጀርና ጆይስት አብረው ከሄዱ፣ ወይም መሰረቱ ከከዳ፣ ወይም ጆይስቱ ሲሶ ከተበላ ግን አፍርሱ።

መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ በብር አስሉት። የጥገናው ወጪ የአዲሱን ግማሽ ካለፈ አዲስ መስራት ይሻላል ሚባል የቆየ መመዘኛ አለ፣ እኔም እስማማበታለሁ፣ ግን ሂሳቡ ውስጥ ብሎኑን፣ ሀንገሩን፣ የአናጢውን ቀን፣ የፍርስራሹን ማስወገጃ ካላስገባችሁ ግማሹ ግማሽ አይደለም። አሮጌ ዴክ ሲከፈት ያልታየ ነገር አይጠፋም፣ ስለዚ ጥገናው ላይ መጠባበቂያ ጨምሩ።

ሁለት ነገር ሚዛኑን ይቀይረዋል። አንዱ ዴኩን ለምን ልትጠቀሙበት እንዳሰባችሁ ነው። ተራ የመኖሪያ ቤት ዴክ ሚሰራው በካሬ ሜትር ወደ 200 ኪሎ እንዲችል ተደርጎ ነው። 1000 ሊትር ውሃ ሚይዝ ገንዳ ውሃው ብቻ አንድ ቶን ነው፣ ሰዎቹም አሉ፣ ሙሉው ደግሞ ጥቂት ካሬ ሜትር ላይ ነው ሚያርፈው። ጣሪያ ወይም ገንዳ ካሰባችሁ የድሮው ተሸካሚ ጤነኛ ቢሆንም እሱን ታሳቢ አድርጎ አልተሰራም፣ መሃንዲስ ያየው።

ሌላው ኮምፖዚት ጣውላ ነው፣ ማለትም ከእንጨት ብናኝና ከፕላስቲክ ተደባልቆ ሚሰራው። ብዙ ሰው «አሮጌውን ተሸካሚ ትቼ ላዩን ኮምፖዚት ላድርገው» ይላል፣ ኮምፖዚት ግን ከእንጨት ይበልጥ ይታጠፋል። በቀጥታ ሲመታ የጆይስቱ ልዩነት ከ40 ሳንቲ እንዳይበልጥ፣ በሰያፍ ሲሆን ደግሞ ወደ 30 ሳንቲ እንዲሆን ነው አብዛኛው አምራች ሚጠይቀው። ጆይስቶቻችሁ በ60 ሳንቲ ከተደረደሩ መሃል መሃሉ ላይ መጨመር አለባችሁ። ደግሞም ኮምፖዚት ረጅም አመት ሚቆይ ነገር ነው፣ እድሜው ሊያልቅ ትንሽ የቀረው ተሸካሚ ላይ መምታት ገንዘብ መቅበር ነው። በዛ ላይ በጸሐይ በጣም ስለሚግል በባዶ እግር አይረገጥም፣ እኔ በግሌ ብዙም አልወደውም።

ማፍረስ ከወሰናችሁ

የግንባታ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ለቆየው ዴክ የቆየው ደንብ ይበቃው ይሆናል፣ አዲስ ሲሰራ ግን በዛሬው ደንብ ነው ሚታየው፣ የቋሚው ውፍረትም የሀንድሬሉ ቁመትም ሊቀየር ይችላል፣ በጀታችሁ ላይ ይሄም አለ።

የእንጨቱን እድሜም አጣሩ። በአሜሪካና በካናዳ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 መጨረሻ ድረስ ለመኖሪያ ቤት ሚሸጠው የተነከረ እንጨት ብዙው አርሴኒክ ነበረበት፣ ሌላም አገር ከዛ ቀደም የነበረው እንዲሁ ሊሆን ይችላል። እንዲህ አይነቱን እንጨት በፍጹም አታቃጥሉት፣ ለማገዶም ለጥብስም፣ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው። ስትቆርጡት ጭምብልና ጓንት አድርጉ፣ ሰጋቱራው አትክልት ቦታ ላይ እንዳይበተን ከስሩ ሸራ አንጥፉ፣ ፍርስራሹን የአካባቢያችሁ ቆሻሻ ማስወገጃ በሚቀበልበት መንገድ ስጡ። ጤነኛ መስሎ የተረፈ አሮጌ ጣውላ አለ ብላችሁም የአትክልት መደብ ማጠሪያ አታድርጉት።

አሁን ገንዘብ ከሌለ

መፍረስ አለበት ብላችሁ ግን ዘንድሮ ማይቻል ከሆነ እንዳለ መተው አማራጭ አይደለም። ሌጀሩ ካሰጋችሁ ከግድግዳው ወደ 60 ሳንቲ ገባ ብላችሁ ከጆይስቶቹ ስር ጊዜያዊ ቢም በቋሚዎች አስደግፉ፣ ቋሚዎቹ አፈር ላይ ሳይሆን ሰፊ የኮንክሪት ንጣፍ ላይ ይቁሙ፣ ዴኩም ራሱን ችሎ እንዳያጋድል ሰያፍ እሰሩላቸው። ከባድ ማስቀመጫዎቹን አውርዱ። ሰው አትሰብስቡበት፣ ለመተላለፊያ ብቻ ይሁን። ሀንድሬሉ ከላላ ወይም ቋሚው ካጋደለ ግን ድጋፉም አይበቃም፣ ወደ ዴኩ ሚወጣውን በር ቆልፉና ደረጃውን ከስር በጣውላ ዝጉት፣ ጠመኔ ያደረጋችሁባቸውን ቦታዎችም አናጢው እስኪመጣ በየወሩ እየሄዳችሁ ለኩ።